«መኪናዋ አልቃለች» አሉኝ፤ ልፈርም ወይስ ልከራከር?

ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣

የ34 ዓመት ሴት ነኝ፤ ባለትዳርና የአንድ ልጅ እናት። ጉዳዬ የመኪና ነው። ሰው «ለቆርቆሮ እንዲህ ይሆናል?» እንዳይለኝ ፈርቼ እስካሁን ለማንም በደንብ አላወራሁትም።

መኪናዋ ቀይ ሆንዳ ኤስ 2000 ናት፤ የ2003 (እ.ኤ.አ.) ምርት። ከ12 ዓመት በፊት አባቴ አንድ ሰው ጓሮ ውስጥ ቆማ አገኛት። ጣሪያዋ ተቀዷል፣ ሞተሯ አይነሳም፣ ወንበሯ ላይ ድመት ወልዳበታለች። ሁለት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ አብረን ሠራናት። እሱ ይፈታል፣ እኔ ብሎኑን በየጣሳው እየለየሁ አስቀምጣለሁ። ያለቀች ቀን ቀዩን የማስነሻ ቁልፍ እኔ እንድጫነው አደረገኝ። አባቴ ካረፈ አራት ዓመት ሆነው። መኪናዋን ለእኔ ነው የተወልኝ።

ከሦስት ሳምንት በፊት ታናሽ ወንድሜ «አንድ ዙር ብቻ ልንዳት» ብሎ ለመነኝ። 21 ዓመቱ ነው፤ መንጃ ፈቃድ ካወጣ ገና ስምንት ወሩ። እምቢ ልለው አልቻልኩም፤ የእሱም አባት ነበር። ዝናብ ጥሎ መንገዱ ርጥብ ነበር። መታጠፊያ ላይ ኋላዋ ከዳው፤ ዞራ ከመንገዱ ዳር ብረት ጋር ተላተመች። እሱ ትከሻው በቀበቶው ከመበለዙ በቀር ምንም አልሆነም፤ ተመስገን። የመኪናዋ የግራ ፊት ግን የለም። ኮፈኑ ተጣጥፏል፣ ራዲያተሩ ወደ ሞተሩ ገብቷል፣ የፊት ጎማው ወደ በሩ ተገፍቷል፣ ሁለቱም ኤርባጎች ፈንድተዋል።

ሙሉ ሽፋን ኢንሹራንስ አላት። ገማች ልከው አዩአት። ከሳምንት በኋላ ደብዳቤ መጣ። የጥገናው ወጪ ከዋጋዋ ጋር ስለማይመጣጠን እንደ ጠቅላላ ውድመት ተቆጥራለች፣ የምንከፍልሽ ይህን ያህል ነው፣ ከተስማማሽ በ10 ቀን ውስጥ ፈርመሽ መልሺ ይላል። የጻፉት ገንዘብ እንደ እሷ ያለች መኪና ዛሬ ማስታወቂያ ላይ ከምትጠየቅበት ዋጋ ግማሹን አይሞላም።

ባለቤቴ «ተቀበይና ይብቃን፤ ልጅ የምንጭንበት መኪና እንግዛ» ይላል። ወንድሜ በበኩሉ እንቅልፍ አጥቷል። ኢንሹራንሱ ጋ ስደውል ማን ይነዳ እንደነበር አልጠየቁኝም፤ እኔም አልተናገርኩም። ከደብዳቤው ጋር የመጣው ቅጽ ላይ ግን «የአሽከርካሪው ስም» የሚል ባዶ መስመር አለ። ወንድሜ «አንቺ ነበርሽ የነዳሽው በይ፤ ጀማሪ መሆኔን ካወቁ አይከፍሉሽም» እያለ ይለምነኛል። ሌላም አለ። ከአባቴ ጋር ሆነን ሞላውንና አሞርዛተሩን፣ ማርሚታውንና ቸርኬዎቹን በሌላ ቀይረናል። ለኢንሹራንሱ ነግረን አናውቅም።

ልፈርም? ልከራከር? ወይስ ስብርባሪዋን ወስጄ እንደገና ልሥራት?

የአባቷ ልጅ


ውድ የአባቷ ልጅ፣

«ቆርቆሮ ነው» የሚልሽ ሰው ሁለት ዓመት ሙሉ ብሎን ለይቶ የማያውቅ ነው። እሱን ተይው።

ወንድምሽ በሕይወት ወጥቷል። ይህን አንቺም እንደምታውቂው ከደብዳቤሽ ይታያል። ግን «ሰው ተርፏል፣ ሌላው ምን ያደርጋል» የሚለው አባባል ሐዘንሽን አፍሽ ውስጥ እንዳይዘጋው። ሁለቱም አብረው ይኖራሉ። ስለ ወንድምሽ ተመስገን እያልሽ ስለ መኪናዋ ማልቀስ ትችያለሽ።

ወደዚህ ዓምድ ከመምጣቴ በፊት ለዓመታት የካሳ ፋይል ስመረምር ነበር። ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ ተቀምጬ ማለት ነው። ስለዚህ ዛሬ የወረቀት ወሬ ከወትሮው ቢበዛብሽ ታገሺኝ።

መጀመሪያ ያንን 10 ቀን እናስተንፍሰው። አትፈርሚ፤ ዝምም አትበይ። በቀኑ ውስጥ አጭር ደብዳቤ ጻፊላቸው። «ያቀረባችሁትን ግምት አልተቀበልኩም፤ የገማቹን ሙሉ ሪፖርት፣ የጥገናውን ዝርዝር ዋጋና የመኪናዋን ዋጋ ያሰላችሁበትን መንገድ ላኩልኝ» በይ። በቃ፤ ስድብም ልመናም አያስፈልገውም። ዝምታ ግን ይጎዳል። ብዙ ውሎች ውስጥ ክርክሩን በጊዜው ያልገፋ ሰው መብቱን እንደተወ የሚቆጥር አንቀጽ አለ። ቅጹ ላይ «ሙሉና የመጨረሻ ክፍያ ተቀብያለሁ» የሚል ዓረፍተ ነገር ካለ ደግሞ ጠንቀቅ በይ። እሱን ከፈረምሽ በኋላ ስለ ዋጋ የምታወሪው ለባለቤትሽ ብቻ ይሆናል።

አሁን ወደ ከባዱ እንሂድ። ስለ ወንድምሽ።

ልጁ ለምን እንዲህ እንዳለ ይገባኛል። የአባቱን መኪና ሰብሯል፤ ካሳውንም ያስቀረ ሰው መሆን አይፈልግም። ግን ይህን ከመወሰንሽ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እውነቱ ስንት እንደሚያስከፍልሽ አይተሻል? ውልሽን አውጥተሽ ስለ አሽከርካሪ የሚለውን አንቀጽ አንብበሻል? ብዙ የሙሉ ሽፋን ውሎች ባለቤቱ የፈቀደለትንና መንጃ ፈቃድ ያለውን ማንኛውንም ሰው ይሸፍናሉ። ጀማሪ ወይም ወጣት ከሆነ አንቺ ከኪስሽ የምትሸፍኚው ድርሻ ከፍ ይላል እንጂ ካሳው አይቀርም። እንዲህ ከሆነ ወንድምሽ የፈራው ነገር ኖሮም አያውቅም፤ የሚዋሸው ለትንሽ ቅናሽ ነው ማለት ነው። ውሉ ስማቸው ለተጻፈ አሽከርካሪዎች ብቻ ከሆነ ደግሞ ስጋቱ እውነተኛ ነው። ካሳው ሊከለከል ይችላል።

ያኔም ቢሆን ስምሽን እዚያ መስመር ላይ አትጻፊ እልሻለሁ። የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ፋይል ስመረምር እንዲህ ያሉ ነገሮች እንዴት እንደሚወጡ አይቻለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚያወጣቸው ብልህ መርማሪ ሳይሆን ተራ ነገር ነው። ጎትቶ የወሰዳት ሰው እዚያ ቦታ ማንን አገኘ? ወንበሩ ለማን ቁመት ተስተካክሎ ነበር? የሹፌር ቀበቶ የሚያልፈው በበሩ በኩል ባለው ትከሻ ላይ ነው፤ የጎን ተቀማጩ ደግሞ በተቃራኒው። የወንድምሽ ብልዘት የትኛው ትከሻ ላይ እንደሆነ ያየው ሐኪም ያውቃል። አንቺ ደግሞ ትከሻሽ ላይ ምንም የለም።

ውሸቱ ከተገኘ የሚቀረው የአሽከርካሪው ድርሻ ብቻ አይደለም። ሙሉ ካሳው ይሄዳል። በብዙ ቦታ በወንጀል ያስጠይቃል፤ ወደፊት ሌላ ኢንሹራንስ ስትጠይቂም ይከተልሻል። ባይገኝ ደግሞ ወንድምሽ ዕድሜ ልኩን የማይከፈል ውለታ ይሸከማል። በየቤተሰብ ጠቡ ላይ ማን ያነሳዋል መሰለሽ?

የመድን ሕግ ይህን ነገር የሚጠራው «ፍጹም ቅን ልቦና» ብሎ ነው። ነገሩ የቆየ ነው። በ1766 (እ.ኤ.አ.) እንግሊዛዊው ዳኛ ሎርድ ማንስፊልድ ሱማትራ ደሴት ላይ ስለነበረ አንድ ምሽግ የመድን ክርክር ሲዳኝ፣ መድን የሚገባው ሰው የሚያውቀውን መደበቅ የለበትም አለ። ሰው ይህን ሁሌ ይጠቅሳል። የማይጠቀሰው ምንድነው? ያንን ክርክር ያሸነፈው መድን ገቢው ነበር። ዳኛው ቅንነቱ የሁለቱም ወገን ግዴታ ነው ብሎ፣ አደጋውን እያወቀ የፈረመው መድን ሰጪ ሊያመልጥ አይችልም ብሎ ፈረደ። እኔ ይህን ታሪክ የምወደው ለዚህ ነው። እውነቱን ስትጽፊ እነሱንም በእውነት ለመያዝ መብት ታገኛለሽ።

ስለ ቀየራችኋቸው ዕቃዎችም ያው ነው። የሚሆነው ከሦስት አንዱ ነው። አንዳንዱ መድን ሰጪ የተቀየሩትን ዕቃዎች ዋጋ ሳይቆጥር መኪናዋ ከፋብሪካ እንደወጣች አድርጎ ይከፍላል። ሌላው ቀድመሽ ብታሳውቂ ኖሮ ትከፍዪ የነበረውን አረቦን (የመድን ክፍያ) ያሰላና ካሳውን በዚያው ልክ ይቀንሳል። የባሰበት ውሉን እስከ ማፍረስ ይሄዳል። ማርሚታ መቀየር መታጠፊያ ላይ ማንንም አያንሸራትትም፤ ሞላና አሞርዛተር ግን ጥያቄ ያስነሳል፤ ተዘጋጂበት። የገጠመው ባለሙያ ደረሰኝ ካለ አውጪው። የድሮዎቹን ዕቃዎች አባትሽ አስቀምጧቸው ከሆነም ይጠቅማሉ፤ መስመር በመስመር ስታብራሪ «ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው» ማለት ትችያለሽ። ይህንና የአሽከርካሪውን ነገር ጽፈሽ ከመላክሽ በፊት የመድን ጉዳይ ከሚያውቅ ጠበቃ ጋር አንድ ሰዓት ተቀመጪ። እውነቱን ለመደበቅ ሳይሆን በሥርዓት ለመናገር።

አሁን ወደ ገንዘቡ። እዚህ ትንሽ ልቆይበት፤ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነውና።

«አልቃለች» ሲሉሽ ምን ማለታቸው ነው? ልትጠገን አትችልም ማለታቸው አይደለም። ብንጠግናት አያዋጣንም ማለታቸው ነው። ቃሉ የጋራዥ ሳይሆን የሒሳብ ነው። የጥገናው ወጪ 60 ነው እንበል። የመኪናዋ ዋጋ 70 ነው ከተባለ፣ ስብርባሪዋን ሸጠው የሚያገኙትን ሲያስቡ መጠገኑ ኪሳራ ነው፤ አለቀች። ዋጋዋ 140 ነው ከተባለ ግን ያው ብረት እንደተጣመመ፣ ያው ራዲያተር እንደተሰበረ ሆኖ ትጠገናለች። በአንዳንድ ቦታ ወሰኑን ሕግ ይቆርጠዋል። አሜሪካ ውስጥ እንኳ ኒውዮርክ የጥገናው ወጪ ከመኪናዋ ዋጋ 75 በመቶ ላይ ሲደርስ ስታቆም ቴክሳስ 100 ድረስ ትጠብቃለች። ሌላ ቦታ ለኩባንያው ሒሳብ የተተወ ነው።

አየሽ ነገሩን? አንቺ ሁለት ጥያቄ ነው የጠየቅሽኝ፤ ገንዘቡ አንሷልና ልከራከር ወይ፣ መኪናዋን ልሥራት ወይ። ሁለቱም የተንጠለጠሉት አንድ ቁጥር ላይ ነው። የመኪናዋ ዋጋ ዝቅ ባለ ቁጥር «አልቃለች» ማለት ይቀላል። ስለዚህ «አላለቀችም» ብለሽ አትከራከሪ። «ዋጋዋ ይህ አይደለም» ብለሽ ነው መጀመር ያለብሽ።

እንዴት እዚህ ቁጥር ላይ እንደደረሱ መገመት አይከብድም። ለተራ መኪና የሚሠራው ስሌት የታወቀ ነው። ዕድሜ ተቆጥሮ በየዓመቱ ይቀነሳል፤ ከ20 ዓመት በላይ የሆናት መኪና ለስሟ ያህል ነው የምትቀረው። ኤስ 2000 ግን በዚያ መስመር አትሄድም። ከ1999 እስከ 2009 (እ.ኤ.አ.) ብቻ ተሠርታ ቆመች። በጠቅላላው 110 ሺህ ገደማ ነው የወጡት፤ ተተኪም አልመጣላትም። ያለ ቱርቦ በደቂቃ ወደ 9 ሺህ ዙር የሚጠጋ ባለ ሁለት ሊትር ሞተር ዛሬ ማንም አይሠራም። ስለዚህ ዋጋዋ ለዓመታት ወርዶ ወርዶ፣ በኋላ ቀና አለ። ፋብሪካ ያቆማቸው ብዙ የስፖርት መኪኖች እንዲህ ናቸው። ገማቹ ይህን ካላወቀ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ በቀን 15 የቤት መኪና የሚያይ ሰው ነው።

ማሳወቅ የአንቺ ሥራ ነው። ማስታወቂያ ሰብስቢ፤ ግን እየመረጥሽ። ያው ሞዴል፣ የተቀራረበ ዓመት፣ የተቀራረበ ኪሎሜትር፣ የተቀራረበ ይዞታ። ከሁሉም ውዱን ብቻ ቆርጠሽ ብታቀርቢ ፋይሉን የሚያየው ሰው ፈገግ ብሎ ወደ ጎን ያደርገዋል። እኔም አድርጌዋለሁ። ደግሞ የተጠየቀ ዋጋና የተሸጠ ዋጋ አንድ አይደሉም፤ የተሸጡበትን ካገኘሽ እሱ ይበልጣል። እነዚህን መኪኖች የሚነዱ ሰዎች ማኅበር ካለ ደውይላቸው። ማን በስንት እንደሸጠ ከማንም በላይ ያውቃሉ፤ አንዳንዶቹም የዋጋ ማረጋገጫ ደብዳቤ ይጽፋሉ። ከዚያ የአባትሽ ነገር ይመጣል። ያኔ ስትሠሯት ፎቶ አንስታችሁ ነበር? የመለዋወጫ ደረሰኝስ? የሞተሩ ሥራ የተጻፈበት ደብተር? አንድ የጫማ ካርቶን ሙሉ ወረቀት ካለሽ፣ ገማቹ ያየው የተጨማደደ ብረት የነበረችውን መኪና ያስታውሰዋል።

አሁን ደስ የማይለውን ላንሳ። ውሉን ስታድሺ «የመኪናዋ ዋጋ» የሚለው ቦታ ላይ ምን እያላችሁ ነበር? ሦስት ዓይነት ውል አለ። አንደኛው በአደጋው ዕለት ያላትን የገበያ ዋጋ ይከፍላል። ሁለተኛው የስምምነት ዋጋ ነው፤ ቀድሞ ተገምታ፣ ሁለታችሁ በአንድ ቁጥር ተስማምታችሁ፣ ካለቀች ያው ቁጥር ይከፈላል፤ ለእንዲህ ዓይነት መኪና የሚሻለው እሱ ነበር። ሦስተኛውና ብዙ ሰው የያዘው የገበያ ዋጋን ይከፍላል፣ ግን ውሉ ላይ ከተጻፈው ገንዘብ አያልፍም። አባትሽ ያኔ የጻፈውን ቁጥር ሳትነኪ በየዓመቱ እያደስሽ ከመጣሽ ጣሪያሽ እሱ ነው። ያኔ ስለ ገበያ የሰበሰብሽው ሁሉ እስከዚያ ቁጥር ድረስ ብቻ ያደርስሻል። ይባስ ብሎ፣ ከዋጋ በታች የተመዘገበ ንብረት በከፊል ሲጎዳ ካሳውም በዚያው ልክ የሚቀነስበት ውል አለ። 100 የምታወጣውን በ60 አስመዝግበሽ 50 ጉዳት ቢደርስ የምታገኚው 30 ነው። ይህን አሁን የምነግርሽ እንድትጸጸቺ ብዬ አይደለም። ክርክሩ እስከ የት ሊሄድ እንደሚችል ሳታውቂ ገብተሽ እንዳትደክሚ ነው።

ሪፖርቱ መጥቶ፣ ማስረጃሽን ልከሽ፣ አሁንም ካልተግባባችሁ በራስሽ ወጪ ነፃ ገማች መቅጠር ትችያለሽ። የስፖርት ወይም የቆዩ መኪኖችን የሚያውቅ ይሁን። ብዙ ውሎች ውስጥ ደግሞ ለዚሁ የተጻፈ አንቀጽ አለ፤ አንቺ አንድ ገማች፣ እነሱ አንድ ገማች ትመርጣላችሁ፣ ሁለቱ ካልተስማሙ ሦስተኛ ዳኛ ይሰይማሉ። ፍርድ ቤት ከመሄድ በጣም ይቀላል። እስከዚያው «የማንከራከርበትን ገንዘብ አሁን ክፈሉኝ፤ በልዩነቱ እንነጋገር» ብለሽ ጠይቂ። እሺ የሚሉ አሉ። ባለቤትሽንም ትንሽ ያሳርፈዋል።

እንደገና ልሥራት ወይ ላልሽው፣ ልብሽን ሳይሆን ቻንሲውን አስቀድሚ። ኤስ 2000 ጣሪያዋ የሚከፈት ስለሆነ ጥንካሬዋን የምታገኘው ከታች ነው። መሃሏ ላይ እንደ አጥንት ሆኖ ፊቷንና ኋላዋን የሚያያይዝ ብረት አለ፤ ሆንዳ «ኤክስ ቦን» የሚለው። የፊት ግራ ብረቱ ብቻ ታጥፎ ከሆነ አንድ ነገር ነው። ግጭቱ እስከ መሃሉ ዘልቆ ከሆነ ሌላ ነው። የፊት ጎማው ወደ በሩ መገፋቱ ያሳስበኛል። በዓይን አይፈረድም። መለኪያ አልጋ ላይ አውጥቶ በሚሊሜትር የሚለካ የቦዲ ጋራዥ ፈልጊና አስለኪያት። ጥቂት ሚሊሜትር የተዛባች መኪና ቀጥ ባለ መንገድ ደህና ትመስላለች፤ ርጥብ መታጠፊያ ላይ ነው የምትነግርሽ። ኤርባጎቹ፣ የቀበቶ መወጠሪያዎቹ፣ የኤርባግ መቆጣጠሪያው፣ እነዚህ አንዴ ከሠሩ ይቀየራሉ እንጂ አይጠገኑም። ማምረት ከቆመ ብዙ ዓመት ስለሆነ አንዳንዱ አካል አዲስ አይገኝም፤ ከሌላ ከተጋጨች መኪና እየፈለጉ ነው። ይህን ሁሉ ከባለ ጋራዡ በጽሑፍ፣ በዋጋ ተቀበይ። «እናያታለን እህቴ» ዋጋ አይደለም።

ልክ ከሆነች ስብርባሪዋን ማስቀረት ትችያለሽ። ኢንሹራንሱ የስብርባሪዋን ዋጋ ከካሳሽ ላይ ቀንሶ መኪናዋን ላንቺ ይተውልሻል። ጠይቂያቸው፤ ካልጠየቅሽ ብዙውን ጊዜ አይነግሩሽም። ግን ከዚያ በኋላ መዝገቧ ላይ ምልክት ይኖራል። በብሪታንያ ለምሳሌ ከ2017 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ዋና የብረት አካሏ የተጎዳ መኪናና ዋና የብረት አካሏ ያልተጎዳ መኪና በተለያየ ፊደል ነው የሚመዘገቡት፤ ፊደሉም ለሚገዛ ሁሉ ይታያል። እንዲህ ያለች መኪና ብትሠሪያት እንኳ ስትሸጫት ትረክሳለች፤ ሙሉ ሽፋን የሚሰጣትም ይከብዳል። መሸጥ አስበሽ ካልሆነ የመጀመሪያው ምንም አይደለም። ሁለተኛውን ግን አስቢበት።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ለእኔ አትመልሺልኝ። የምትፈልጊው መኪናዋን ነው ወይስ ቅዳሜዎቹን? መኪናዋን ከሆነ ተመሳሳይ ኤስ 2000 በካሳው ገዝተሽ፣ ከዚህችኛዋ የዳኑትን ዕቃዎች ማዛወር ይቻላል። ብዙ ሰው የሚያደርገው ነው፤ ከመሥራትም ይረክሳል። ቅዳሜዎቹን ከሆነ ግን አሁን መፍታት የሚችል፣ ጥፋቱ ያቃጠለው፣ እጁ ባዶ የሆነ አንድ የ21 ዓመት ልጅ አለሽ። አባትሽ ጋር ብሎን የለየሽው አንቺ ብቻ ነበርሽ። እሱ ያኔ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር።

ወንድምሽን በሥራ ያዢው። ማስታወቂያ መሰብሰቡን፣ ማኅበሩ ጋ መደወሉን፣ ጋራዥ ለጋራዥ መዞሩን ለእሱ ስጪው። «ይቅር ብዬሃለሁ» ከምትይው በላይ ያሳርፈዋል። ቅጹ ላይ የራሱን ስም በራሱ እጅ ይጻፍ፤ እንዴት እንደሆነ በአንድ ገጽ ያብራራ። ዝናብ፣ ርጥብ መንገድ፣ መታጠፊያ። ፍጥነቱንም አሳንሶ ሳይጽፍ።

ባለቤትሽ የሚለው ስሕተት አይደለም። ሁለት ወንበር ብቻ ያላት መኪና ለልጅ መቀመጫ አትመችም፤ የተከራከርሽበት ወር ሁሉ ደግሞ ቤታችሁ ውስጥ የሚገባ ወር ነው። እንግዲህ ማታ ተቀመጡና ጊዜ ተስማሙ። «ስምንት ሳምንት ስጠኝ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ቁጥር እቀበላለሁ» ብትዪው እሱም የሚይዘው ነገር ያገኛል። አንቺም መቼ እንደምታቆሚ ታውቂያለሽ። መቼ እንደሚያቆሙ የማያውቁ ሰዎች ፋይል አይቻለሁ፤ በመጨረሻ ያገኙት ልዩነት ለጠበቃውና ለማቆያ ግቢው ነው የሄደው።

ስለ ማቆያ ግቢው ካነሳሁ፣ አሁን የት ነው ያለችው? የጎታቹ ግቢ ውስጥ ከሆነ በየቀኑ ሒሳብ እየቆጠረች ነው። ነገ ደውይና ሒሳቡን ማን እየከፈለ እንደሆነ በጽሑፍ አረጋግጪ። ኢንሹራንሱ ካልሆነ ወደ ነፃ ቦታ አስወስጃት፤ ግን ከማንቀሳቀስሽ በፊት አሳውቂያቸው፤ ዳግመኛ ሊያዩአት ይፈልጉ ይሆናል።

ስትሄጂ ወንድምሽን ይዘሽው ሂጂ። ፎቶ አንሺ፤ ከአራቱም ማዕዘን፣ ከሥር፣ የኪሎሜትሩን ቆጣሪ፣ የቻንሲ ቁጥሩን። ከዚያ ውስጥ ግቢ። ካሳው ከተከፈለ በኋላ መኪናዋ የእነሱ ናት፤ በውስጧ የቀረውም አብሮ ይሄዳል። ኤስ 2000 እንደ ሌላ መኪና ከፊት ኪስ የላትም። ከሁለቱ ወንበሮች መሃል፣ ከኋላ በኩል፣ በቁልፍ የሚዘጋ ትንሽ ሳጥን አላት። ብዙ ሰው ይረሳዋል። የአባትሽን ቁልፍ ያዢና ክፈቺው።